አሥራ አንድ ጊዜ ያነሳሁት እጅ

ይመዝገብልኝ የምለው በደል ይህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ በምሠራበት የምርምር ቤት፣ ያልገባኝን ለመጠየቅ ያነሳሁትን እጅ ሳይነግሩኝ ቆጠሩት። በዚያ ቁጥር ሙሉነሽ የምትባል ልጅ ውጭ አገር ሄዳ ከምትማርበት ዕድል ቀረች። ያስቀራት የእኔ እጅ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሠራው ሥራ በእኔ እጅ ተሸፈነ? ይህን ሳላውቅ አረጀሁ። መልሱን ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረን ነው የምንኖረው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ወንዝ ውሃ የሚመራመር ቡድን ውስጥ ገብታለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆማ እጇን እያወናጨፈች ለብቻዋ ታወራለች። «ምን ነካሽ?» ብላት «ልምምድ ነው እማማ፤ ዓርብ ዓርብ እንዴት ሰው ፊት እንደምንቆም፣ ሥራችንን ለማያውቀው ሰው እንዴት እንደምናስረዳ፣ የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ እንማማራለን» አለችኝ። «ለምርምር ነው የገባሽው ወይስ ለድለላ?» አልኳት። ሳቀች። «ሠርቶ ማስረዳት ያልቻለ'ኮ እንዳልሠራ ነው የሚቆጠረው» አለች። ይህን አባባል ድሮ፣ በሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁና ዘንቢሌን አስቀመጥኩ። ቀጠለች፤ «በሚመጣው ዓርብ እያንዳንዳችን ሳይንስ ያልተማረ ዘመድ ይዘን እንድንመጣ ተብለናል፤ እኔ አንቺን መርጫለሁ።» «ያልተማረ ሰው ሲፈለግ ጊዜ አያትሽ ትዝ አለችሽ!» አልኳት። «ሙች እማማ፣ ክብር ነው። ወረቀት ይሰጥሻል፤ ያልገባሽ ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

ሌላ ምንም የለውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ወረቀቱን ማን ይሰበስበዋል? ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?» አልኳት። «እኔንጃ፤ ወረቀት ወዴት ይሄዳል?» አለች። «እንግዲያው ጠይቀሽ ነይ። ሳላውቅ ንቅንቅ አልልም።»

ያኔ፣ በምርምር ቤቱ በምሠራበት በደርግ ዘመን፣ ጀሞ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነበር፤ ዛሬ ሚኒባስ ተደርድሮ ጥሩምባ የሚያንባርቅበት ቦታ ላይ የምናየው በሬ ብቻ ነበር። የምርምር ቤቱ ከመካኒሳ ወረድ ብሎ በባሕር ዛፍ የተከበበ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ ክረምት በገባ ቁጥር የመንገዱ ጭቃ ሸራ ጫማን ከእግር ላይ አውልቆ ያስቀር ነበር። ከቄራ በኩል ነፋስ ሲነሳ የሥጋ ሽታ ይመጣል፤ ከውስጥ ደግሞ የእኔ የበረኪና ሽታ አለ። እጄ ላይ አርባ ዓመት ያልለቀቀኝ ያ ሽታ ነው። አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፤ በሃያ አምስት ሳንቲም ሻይና ዳቦ በልቶ እስከ ማታ መዋል ይቻላል። ወንዶቹ ተመራማሪዎች አፍሮ አበጥረው፣ እግሩ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪ ለብሰው ይመጣሉ፤ ነጩ ጋዋን ከላይ ሲደረብ ከሥር ሱሪው መሬት ይጠርጋል። ዘበኛው በር ላይ ትንሽ ራዲዮ ነበረው፤ ከዜናውና ከሰልፍ መዝሙሩ መሐል አንዳንዴ የፍቅር ዘፈን ሾልኮ ይመጣና ሁላችንም ወደ መስኮቱ እንጠጋለን። እኔ የጸሎት ቤት ሰው ስለሆንኩ ዘፈን አልወድም እል ነበር፤ ግን መስኮቱን የምከፍተው እኔ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ አለ። በዚያ ስብሰባ እጅ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። እኛ ጴንጤ የምንባለው ደግሞ ዓይን ውስጥ ነበርን። ግራና ቀኜን አይቼ ነው የማወጣው፤ ከሁሉም ቀድሜ አላወጣ፣ ከሁሉም ዘግይቼ አላወጣ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ እጅ ዘግይቶ ወጣ ተብሎ ስንት ቀን እንደተጠየቀ አውቃለሁ። ስለዚህ እጅ እንደሚቆጠር ያላወቅሁ ሞኝ አልነበርኩም። ሞኝነቴ የቀበሌው አዳራሽና የምርምር ቤቱ አዳራሽ የተለያዩ ናቸው ብዬ ማሰቤ ነው።

የቡድኑ አለቃ ዶክተር ታዬ ይባላሉ። ውጭ ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። «የእኛ ልጆች ሠርተው ማስረዳት አይችሉም፤ ሠርቶ ማስረዳት ያልቻለ እንዳልሠራ ነው» ይሉና ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ሰው ፊት እያቆሙ ስለ ሥራቸው ያናግሯቸዋል። ወረቀት ማንበብ ክልክል ነው። እጅ ከኪስ ይውጣ። ስህተት የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ አንድ ጥሩ ነገር ይናገር። የማመልከቻ ደብዳቤ አንዱ ለሌላው ያርም። ይህ ሁሉ ደግ ነበር፤ የሰው ድካም አልክድም። አንድ ረቡዕ ታዲያ ጠርሙስ ስደረድር ብቅ አሉና «አማረች፣ እጅሽን ጥረጊና ነይ» አሉኝ። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ለአማረች የምትናገሩ መስሎ ይሰማችሁ። አንቺ ደግሞ ያልገባሽ ቦታ ላይ እጅሽን አንሺ። ሌላ ምንም የለውም።» እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሁለት ወር ውስጥ ፈሩኝ። ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሻይ ቤት ሲያገኘኝ «እትዬ አማረች፣ እባክሽ ዛሬ ያች እጅሽ ትረፍ» እያለ ከረሜላ ይሰጠኛል። ከረሜላውን እቀበላለሁ፣ እጄንም አነሳለሁ። አንዱ የፈረንጅ ቃል ሲደረድር እጄን አነሳሁበትና «በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለው፣ ላቡን ጠርጎ ጠርጎ «አማርኛ የለውም» አለ። «የገዛ ሥራህን ለእናትህ ምን ብለህ ነው የምትነግራት?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዶክተሩም ሳቁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ያው ልጅ መጥቶ እንደ ተረት አድርጎ አስረዳኝ። እንዲህ እያልኩ ዓይን የማያየው ነገር በዳቦ ላይም በሰው እጅ ላይም እንደሚኖር፣ እኔ የምጥደው የእንፋሎት ድስት ለምን እንደሚፈላ አወቅሁ። ለዓመታት የሠራሁት ሥራ ምክንያቱ የገባኝ ያኔ ነው።

ሙሉነሽ በዚያ ቡድን ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ነበረች። አጭር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የምትለብስ ልጅ ናት። የምትሠራው ስለ እንሰት በሽታ ነው፤ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ፣ ግንዱን አበስብሶ አንድ ጓሮ ሙሉ ስለሚጨርሰው በሽታ። እኔ የከንባታ ልጅ ነኝ። በዚያ ዓመት የእናቴ ጓሮ በዚያው በሽታ እየረገፈ ነበር። ቆጮ የሌለበት ቤት ቤት አይደለም። ግርማ የሚባለው ሌላው ልጅ ደግሞ ስለ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይሠራል። መልከ መልካም፣ አንደበቱ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን የውጭ ትምህርት መጥቷል፣ ሁለቱ ተወዳድረዋል ሲባል ሰምቻለሁ። በምን እንደሚለዩ ግን የነገረኝ የለም።

ያን ረቡዕ መጀመሪያ ግርማ ተናገረ። እውነቱን ልናገር፤ አልሰማሁትም። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቷል ተብሎ ነበርና ሰልፉ ሳይዘጋ እደርስ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ ጠየቅሁት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሻሼን ላስተካክል እጄን አነሳሁ። ቀጥላ ሙሉነሽ ቆመች። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በቢላ ነው ስትል ስኳሩም ሰልፉም ከልቤ ጠፋ። እጄን አነሳሁ፤ በዓይን ይታያል? አይታይም አለች። እንግዲያው ቢላው ላይ እንዳለ በምን አወቃችሁ? አንዱን ረድፍ የታመመ ተክል በቆረጠ ቢላ፣ ሌላውን ረድፍ በእሳት ባለፈ ቢላ እንደቆረጠች ነገረችኝ፤ የመጀመሪያው ረድፍ አለቀ፣ ሁለተኛው ቆመ። በውሃ ብቻ ቢታጠብስ? ጎረቤት ቢላ ብትዋስስ? ከብት ቅጠሉን ቢበላስ? የታመመው ይቀበር ወይስ ይቃጠል? እያንዳንዱን በትዕግሥት መለሰችልኝ፤ በየመልሱ ድምጿ ከፍ እያለ መጣ። ሳልጠይቃት የቀረሁት ነገር አልነበረም። የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ የምልከውን መልእክት ለመንገደኛ በቃሌ አስጠናሁት፤ ቢላውን በእሳት ሳታሳልፊ አንድም ተክል እንዳትነኪ ብዬ።

በሳምንቱ ግርማ ተመረጠ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የቢሮው ታይፒስት እታለማሁ አጠገቤ መጣችና «አንቺ'ኮ ጉድ ነሽ! ሰው በምላሱ ነው የሚገድለው፣ አንቺ በእጅሽ ገደልሽ» አለችኝ። «ምን አድርጌ?» ብላት ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን በቃሏ ነገረችኝ፤ ንግግሩ ለአድማጭ ግልጽ አለመሆኑን የሚያሳይ የተነሳ እጅ፣ ግርማ ሁለት፣ ሙሉነሽ አሥራ አንድ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ያላዳመጥኩት ግልጽ ተባለ፣ ነፍሴን ሰጥቼ ያዳመጥኳት ደግሞ ያልገባችኝ ተባለች። ሻሼን ያስተካከልኩባት እጅ እንኳ ተቆጥራለች። እታለማሁ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች፤ «ግን'ኮ አማረች፣ ደብዳቤውን የመታሁት ማክሰኞ ነው። የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተዪው፣ ነገ ይሞላል አሉኝ።» «ማክሰኞ? ንግግሩ'ኮ ረቡዕ ነው። ስሙስ? የተመራጩ ስምም ባዶ ነበር?» አልኳት። ብርጭቆዋን አንስታ ተነሳች። «በቀን ስንት ደብዳቤ እመታለሁ፤ አላስታውስም። እኔ ምንም አላልኩሽም።»

ቀጥ ብዬ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ፤ ጋዋኔ እንደ ረጠበ። «እጄን ለምን ቆጠራችሁት?» አልኳቸው። ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «አማረች፣ ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ጠርሙሶቹ ደርሰዋል?» አሉኝ። ጠርሙሶቹ ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ፊት ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ሲጠሩኝ ድስት ጥጃለሁ፣ ውሃ ሄዷል፣ እጄ ቆስሏል እላለሁ። በእኔ ፈንታ ዘበኛውን አስቀመጡት፤ እሱ እንኳን እጅ ሊያነሳ እንቅልፉን አልጨረሰም፤ የሁሉም ንግግር ግልጽ ተባለ። ሙሉነሽ ጥቂት ወራት ቆይታ ወደ ደቡብ ሄደች፣ አስተማሪ ሆነች አሉ። ስትሰናበተኝ ሳመችኝ። አላወቀችም ማለት ነው ወይስ አውቃ ይቅር ብላኝ ነው? ፊቷን አይቼ ላውቅ አልቻልኩም።

የእናቴ ጓሮ ዳነ። ይህን የምጽፈው ለሙሉነሽ ክብር ነው። እኔም ከዚያ ቤት የያዝኩት ነገር አልጠፋኝም፤ እዚህ ኮንዶሚኒየም የውሃ ፓምፑ በተበላሸ ጊዜ ኮሚቴው ፊት ያለ ወረቀት ቆሜ፣ መጀመሪያ ጥሩውን ቀጥዬ ስህተቱን ተናግሬ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ግን ሰው እጁን እንዲያነሳ በተጠየቀ ቁጥር ማን ነው የሚቆጥረው ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። በጸሎት ቤት እንኳ ወንጌላዊው «እጃችሁን አንሱ» ሲል ከጀርባዬ እስክሪብቶ የያዘ ሰው እንዳለ ዞር እላለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሙሉነሽን አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋት፤ ከስንት ዓመት በኋላ፣ መካኒሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ጸጉሯ ሸብቷል፣ የተማሪ ፈተና ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋለች። እኔ ሳላውቃት እሷ አወቀችኝ። «እትዬ አማረች! የእናትሽ እንሰት እንዴት ሆነ?» አለችኝ፤ ከሰላምታ በፊት። «ዳነ፤ ባልሽው መንገድ ዳነ» አልኳት። ወረቀቷን ጥላ ልታቅፈኝ ምንም አልቀራት። «እንግዲያው አንድ ሰው ሰምቶኛል» አለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ያን ቀን እጄ ተቆጥሮ ነበር፣ ታውቂያለሽ ወይ ልላት። ረዳቱ «የሞላ! የሞላ! አንድ ሰው!» ብሎ ጮኸ፣ የመጨረሻዋ ሰው እሷ ሆነች። እርግጥ ልከለክላት እችል ነበር። አልከለከልኳትም፤ ፈራሁ። አሁን ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ወደ ዓርቡ ልመለስ። ቤዛ ጠይቃ መጣች፤ ወረቀቱ ለተናጋሪው ብቻ ነው አለችኝ። በሰው አፍ አላምንም፣ ራሴ እጠይቃለሁ ብዬ ሄድኩ። የቡድኑ ኃላፊ ዶክተር ሃና የምትባል ሸራ ጫማ ያደረገች ወጣት ናት፤ ወረቀቱን እያደለች ስትደርስብኝ ተነሳሁ። «ልጄ፣ ይህን ማን ያነበዋል?» «ተናጋሪው ብቻ ነው እማማ።» «ከዚያስ?» «ከፈለገ ይይዘዋል፣ ካልፈለገ ይቀደዋል።» «የሚቀጠር፣ የሚላክ፣ የሚቀር ሰው በዚህ አይለይም?» «አይለይም።» «ሁሉም እየሰማ ነው ያልሽው።» «ሁሉም እየሰማ ነው ያልኩት፣ እማማ።» አዳራሹ ሳቀ፤ ቤዛ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም። ተቀመጥኩና እስክሪብቶ ተቀበልኩ።

ከዚያ የክብር እንግዳውን ጋበዘች። በብስራተ ገብርኤል በኩል የሚኖሩ አንጋፋ ተመራማሪ፣ ይህን ልምምድ በአገራችን ከጀመሩት አንዱ ስትል፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ብድግ አሉ። በቡናማው ኮት አወቅኋቸው ልል አማረኝ፤ ግን ኮቱ ግራጫ ነበር። ያወቅኋቸው በድምፃቸው ነው፤ ዶክተር ታዬ። «ጠርሙስ የምታጥብልን አንዲት ሴት ነበረችን» አሉ፤ «የእሷ እጅ ካልተነሳ ንግግራችን ደረሰ ማለት ነው። እሷ ነበረች ሚዛናችን።» አዳራሹ አጨበጨበ። ሚዛን! ምን እንደሚመዘን ሳይነገረው የሚመዝን ሚዛን። ቤዛ ስትናገር ወረቀቴ ላይ ስድስት ቦታ ምልክት አደረግሁ፤ ሰውነቴ እዚያ ነው፣ ልቤ ግን ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ማጅራት ያይ ነበር።

ሻይ ሲቀርብ ሄድኩባቸው። ቤዛ ነጠላዬን ይዛ «እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰው አለ» ትላለች። «ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው» አልኳት። «ዶክተር፣ አወቁኝ?» ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «አዳራሹ ያጨበጨበላት ጠርሙስ አጣቢ እኔ ነኝ።» ፊታቸው በራ፤ «አማረች! በሕይወት አለሽ! ኑ እስቲ፣ ፎቶ አንሱን!» አሉ። «ፎቶው ይቆየን፤ ጥያቄ አለኝ» አልኳቸው። «ሙሉነሽ በቀረችበት ቀን እጄ እንደሚቆጠር ለምን አልነገሩኝም?» ብዙም አልደነገጡም፤ መልሱ የተዘጋጀ ነበር። «ብነግርሽ ኖሮ ታዝኚላቸውና እጅሽን ትይዢ ነበር። ጥሩ አድማጭ ፈተና መሆኑን ማወቅ የለበትም።» ዙሪያችን የቆሙት ወጣቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ደህና መልስ ነው፤ ለእነዚህ ይሆናል» አልኳቸው። «እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ንግግሩ ረቡዕ ነው፣ ደብዳቤው የተመታው ማክሰኞ ነው። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነበር። የስሙስ ቦታ?»

ሻዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ዙሪያቸውን አዩና ወጣቶቹን «እስቲ አንዴ» አሏቸው፤ ሸሸት አሉ፤ ቤዛ ብቻ አልሄደችም። «ሙሉነሽ የት ናት?» አሉኝ። «አርፋለች።» ከዘራውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። መጠበቅ የለመድኩት ነገር ነው።

«ስሙ ከላይ ነው የመጣው» አሉ። «ሰኞ።»

«እንግዲያው እጄን ጨርሶ ባላነሳስ?»

«በሌላ ነገር ይሞላ ነበር።»

«ስንት ሰው፣ ስንት ሰበብ እያለ ለምን በእኔ እጅ ተሞላ?»

ቀና ብለው አዩኝ፤ የዚያን ጊዜ ከወረቀታቸው ቀና ያላሉት ሰውዬ። «በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጠረጥር ነበር፤ እኔንም ጭምር» አሉኝ። «አንቺን ግን ማንም አይጠረጥርሽም ነበር፣ አማረች። ሙሉነሽ ራሷም።»